አንቺሆዬን ከሰባቱ ሞዶች የትኛው ውስጥ ላግኛት?

ሰሞኑን ጊታር የሚማሩ ልጆች ስልክ ላይ አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከሦስት ተማሪዎቼ ደረሰኝ። አንደኛው «እና ቅኝቱን እንተወው እንዴ?» ብሎ አክሎበታል። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ረጋ ያለ ነው፤ ማንንም አይሳደብም። ጸሐፊውም ጊታር የሚችሉ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። መልስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የማያውቅ ሰው ቢጽፈው ኖሮ አልፌው ነበር።

መጀመሪያ ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። ጊታር ላይ ሞድ (ድምፆች በአንድ ማረፊያ ድምፅ ዙሪያ የሚደራጁበት ስልት) መማር የሚፈልግ ሰው በሰባቱ የምዕራባውያን ሞዶች ይጀምር ይላሉ። አዮኒያን፣ ዶሪያን፣ ፍሪጂያን፣ ሊዲያን፣ ሚክሶሊዲያን፣ ኤዮሊያን፣ ሎክሪያን። የእኛ ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ስለሆኑ በሰባቱ ውስጥ ይገኛሉ፤ ትልቁን የያዘ ትንሹንም ይዟል። ሰባቱ ከጥንት ግሪክ ጀምሮ ሳይለወጡ የመጡ፣ በሥርዓት የተደራጁ ናቸው። እያንዳንዱ ሞድ ጊታሩ አንገት ላይ የራሱ የጣት ቅርጽ አለው። ሰባቱን ቅርጾች በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ወደ ላይ ወደ ታች እየሮጡ በ30 ቀን መያዝ ይቻላል፤ ጆሮ ቀስ ብሎ ይከተላል። ደግሞም ጊታር አንገቱ ላይ ድምፆቹን የሚከፋፍሉ ብረቶች፣ ማለትም ፍሬት፣ ስላለው ቅኝትን በትክክል አያወጣም፤ ቅኝት የክራርና የማሲንቆ ነው። በመጨረሻም ቅኝት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ስለሌለው ሃርመኒ፣ ማለትም የድምፆችን መደራረብ፣ ለሚማር ሰው አይጠቅምም ይላሉ።

አጣምሜ ካቀረብኩት እታረማለሁ። አሁን ወደ መልሱ። ኖታዎቹን በዶ ሬ ሚ ነው የምጽፋቸው። በፊደል ስም ብጽፋቸው የእንግሊዝኛዋ «ሲ» (C)፣ ማለትም ዶ፣ ከዶ ሬ ሚዋ «ሲ» ጋር ትምታታብናለች። ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሻርፕ ማለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት ነው፤ ግማሽ ድምፅ ጊታር ላይ አንድ ፍሬት ነው።

ቅኝቶቹ ሰባቱ ውስጥ አሉ የሚለው አብዛኛው እውነት ነው። ከዶ ብንነሳ ማጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናት። አዮኒያን ውስጥ አለች። ሊዲያን ውስጥም አለች፤ ሚክሶሊዲያን ውስጥም አለች። ማይነር ባቲ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ናት፤ እሷም ዶሪያን፣ ኤዮሊያንና ፍሪጂያን ውስጥ ትገኛለች። ማጀር ባቲ፣ ማለትም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ አዮኒያን ውስጥ ናት። ማይነር ትዝታ፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ኤዮሊያን ውስጥ ናት። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ፍሪጂያን ውስጥ ይገኛል። አስተማሪ በአስተማሪ አጠራሩ ትንሽ ይለያይ ይሆናል፤ ድምፆቹ ግን እነዚህ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

አንቺሆዬ ስትመጣ ነው ነገሩ የሚፈርሰው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። እስቲ ሰባቱ ውስጥ ፈልጓት። ሰባቱም የሚወጡት ከአንድ ስኬል (በተራ ከተደረደሩ ድምፆች) ነው፤ ከፒያኖ ነጭ ቁልፎች። እዚያ ውስጥ ግማሽ ድምፅ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከሚ ወደ ፋ እና ከሲ ወደ ዶ። አንቺሆዬም ሁለት ግማሽ ድምፅ አላት፤ ከዶ ወደ ሬ ፍላት እና ከፋ ወደ ሶል ፍላት። ሁለቱም አንድ ላይ የሚገኙበት ማጀር ስኬል አንድ ብቻ ነው፤ ሬ ፍላት ማጀር። እዚያ ደግሞ ላ የለችም። ያለችው ላ ፍላት ናት። ስለዚህ አንቺሆዬ ከየትም ብትነሳ፣ ሰባቱንም ብታገላብጧቸው አትገኝም። ካሉን አራት ዋና ቅኝቶች አንዷ ሙሉ በሙሉ ውጭ ቀረች ማለት ነው።

ሃርሞኒክ ማይነር በሚባለው ሌላ ባለ ሰባት ድምፅ ስኬል ውስጥስ? የሚል ይኖራል። አዎ፣ አምስቱም ድምፆች ሲ ፍላት ሃርሞኒክ ማይነር ውስጥ አሉ። ግን እሱ ጸሐፊው ከዘረዘሯቸው ሰባት ውስጥ የለም። ቢኖርም ተማሪው ሲ ፍላት ላይ ማረፍ ለምዶ ዶ ላይ ላረፈች አንቺሆዬ ምን ያደርግላታል?

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው ዝምድናውን አይተውታል፤ አቅጣጫውን ነው የሳቱት። ትልቁን የያዘ ትንሹን ይዟል ካልን፣ ትንሹን ቀድሞ የያዘስ? ማይነር ባቲን ከላ አንሷት፤ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። አሁን ሁለት ድምፅ ጨምሩባት። ሲ እና ፋ ሻርፕ ብትጨምሩ ዶሪያን ሆነች። ሲ እና ፋ ብትጨምሩ ኤዮሊያን ሆነች። ሲ ፍላት እና ፋ ብትጨምሩ ፍሪጂያን። ማጀር ትዝታን ደግሞ ከዶ አንሷት። ፋ እና ሲ ሲጨመሩ አዮኒያን፣ ፋ ሻርፕ እና ሲ ሲጨመሩ ሊዲያን፣ ፋ እና ሲ ፍላት ሲጨመሩ ሚክሶሊዲያን።

ሁለት ቅኝት፣ ስድስት ሞድ። የቀረችው ሎክሪያን ብቻ ናት። እሷ ደግሞ አምስተኛዋ (በሰባቱ ድምፅ አቆጣጠር ከማረፊያው አምስተኛዋ ድምፅ) ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች፣ ማረፊያዋ የማያሳርፍ ስለሆነች የትም አገር ያለ ተማሪ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርስባት። እዚህ አገር ያደገ ልጅ እነዚህን ሁለት ቅኝቶች ጊታር ከመያዙ በፊት በጆሮው ይዟቸዋል። በሠርግ ሰምቷቸዋል፣ በታክሲ ሰምቷቸዋል፣ እናቱ ቡና ስትቆላ ስታንጎራጉር ሰምቷቸዋል። እጁ ላይ ያለውን አስጥለን ከባዶ ሰባት እንግዳ ስም እናሸክመዋለን? ዶሪያንን «የማይነር ባቲ ዘመድ፣ ሁለት ድምፅ የተጨመረላት» ብላችሁ አስተምሩት። በአንድ ከሰዓት ይገባዋል።

የግሪኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ስሞቹ የግሪክ ናቸው። ድምፆቹ ግን አይደሉም። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን የግሪኮቹን ስም ወስደው በራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ላይ ሲለጥፉ ተዘበራርቆባቸዋል፤ ግሪኮቹ ዶሪያን ያሉትና ዛሬ ጊታር ላይ ዶሪያን የምንለው አንድ አይደሉም። አዮኒያንና ኤዮሊያን ወደ ዝርዝሩ የገቡትም እ.ኤ.አ. በ1547 ነው፤ የስዊዘርላንዱ ምሁር ግላሪያን ናቸው ያስገቧቸው። ሳይለወጥ የመጣ ነገር የለም። ይህ ሞዶቹን አያሳንሳቸውም፤ ሙዚቃ እንዲህ ነው። ብቻ በዕድሜ ካከበርናቸው የእኛንም በዚያው ዓይን እንይ ለማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሞድ ማለት የጣት ቅርጽ ነው የሚለው ሐሳብ ላይ ነው ሌላው ሁሉ የቆመው። እዚህ ላይ ከመከራከር ይልቅ ጊታራችሁን አንሱና አብረን እንየው።

አምስተኛው ፍሬት ላይ የምትቀመጠውን የታወቀችውን ቦክስ፣ ማለትም የጣት ቅርጽ፣ ያዙ። ጊታር የጀመረ ሁሉ ያውቃታል። ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ነው፤ ቁጥሮቹ ፍሬቶች ናቸው። አራተኛው ክር ላይ 5 እና 7፣ ሦስተኛው ላይ 5 እና 7፣ ሁለተኛው ላይ 5 እና 8፣ አንደኛው ላይ 5 እና 8። ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ከዚያ እንደገና ሶል፣ ላ፣ ዶ። አሁን አምስተኛውን ክር ባዶውን ምቱት፤ ላ ነው። እሱ እያስተጋባ በቦክሱ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ሂዱና ላ ላይ እረፉ። ምን ሰማችሁ? ማይነር ባቲ።

ቀጥሎ ስልካችሁን አውጡ። አምስተኛውን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ዶን ደጋግማችሁ ምቱና አንድ ደቂቃ ያህል ቅዱት። ቅጂውን ክፈቱና ያንኑ ቦክስ፣ በዚያው ጣት፣ በዚያው ፍሬት ተጫወቱ። አሁን ግን ዶ ላይ እረፉ። ትዝታ መጣች። ጣታችሁ አልተነቃነቀም። ቅርጹ ያው ነው። አምስቱም ድምፆች ያው ናቸው። የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው።

ይህንን ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው አብዛኞቹ መጀመሪያ አያምኑም። ጣታቸውን አጎንብሰው ያያሉ። አንዷ ልጅ «ቆይ፣ የሆነ ነገር ነክተሃል» ብላ ስልኩን ተቀብላኝ ራሷ ሞከረችው። ምንም እንዳልነካሁ ሲገባት ሳቋ አሁንም ትዝ ይለኛል። ቅርጽ ሞድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

የጸሐፊው ሰባት ቅርጾችም እንደዚሁ ናቸው። የዶ አዮኒያን፣ የሬ ዶሪያን፣ የሚ ፍሪጂያን እየተባሉ በሰባት ሥዕል የሚሸመደዱት ነጭ ቁልፎቹ ናቸው፤ ሰባቱም ሥዕሎች የአንድ ስኬል ቁርጥራጮች ናቸው። ተማሪው ሰባቱን ይጨርስና ከሬ ጀምሮ ሲሮጥ ዶሪያን የተጫወተ ይመስለዋል። የሚሰማው ሰው ግን ዶ ማጀር ነው የሚሰማው፤ ምክንያቱም ልጁ ሳያስበው ዶ ላይ ያርፋል። የጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 የቀዳው «ሶ ዋት» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። 16 ባር (የምት ክፍል) ሬ ዶሪያን፣ ከዚያ 8 ባር ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ሚ ፍላት ዶሪያን፣ ከዚያ 8 ባር ተመልሶ ሬ። በጣት ካሰባችሁት እጅን አንድ ፍሬት ከፍ አድርጎ መመለስ ነው፤ የሚማሩት ነገር የለውም። በጆሮ ከሰማችሁት ግን ቤቱ በሙሉ ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

ቅኝት የሚለው ቃላችን ራሱ ይህንን ይነግረናል። መቃኘት ነው ሥሩ። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሄድ ክሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል፣ ያዳምጣል። ሥራው የሚጀምረው በጆሮ ነው። ከቃኘ በኋላ ክራሩ ላይ የሚሳሳትበት ድምፅ የለም፤ ያሉት የቅኝቱ ድምፆች ብቻ ናቸው። ጊታር ላይ ግን 12ቱም ድምፆች ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። ስለዚህ ጊታሪስት ከክራር ተጫዋች የበለጠ ጆሮ ያስፈልገዋል እንጂ ያነሰ አይበቃውም።

በሜትሮኖም ወደ ላይ ወደ ታች መሮጥ የሚለው ላይ አንድ ነገር እቀበላለሁ። ሜትሮኖም ይጠቅማል። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ ያለ እሱ ያደገ ጊታሪስት ከባንድ ጋር ሲገባ ይታወቃል። ችግሩ ሩጫው ነው። ስኬልን በእኩል ፍጥነት ስትወጡና ስትወርዱ ሁሉም ድምፆች እኩል ይሆናሉ። ሞድን ሞድ የሚያደርገው ደግሞ ድምፆቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። አንዷ ማረፊያ ናት፤ አንዷ ወደ እሷ ትጎትታለች፤ አንዷ ላይ ብዙ ሲቆዩ ያስጨንቃል።

እኔ የማስጀምረው በአንድ ክር ነው። ማሲንቆ በአንድ ክር አገር ያስለቅስ የለ? ስድስተኛውን ክር ባዶውን ምቱት፤ ሚ ነው። እሱ እያስተጋባ አንደኛው ክር ላይ ብቻ ሂዱ፤ እሱም ሚ ነው። ባዶውን ክር ዜሮ በሉት። እንግዲህ የፍሬቱ ቁጥር ራሱ ቅኝቱን ይነግራችኋል። ማጀር ትዝታ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12። ማይነር ትዝታ 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8፣ 12። ማጀር ባቲ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፣ 12። ማይነር ባቲ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። ዶሪያንም ካማራችሁ 0፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 10፣ 12።

በአንድ ክር ላይ መሮጥ አይመችም። ጥቅሙም እሱ ነው። ከ1 ወደ 5 ስትዘሉ እጃችሁ ርቀቱን ያያል፤ ጆሯችሁም ይሰማዋል። አምባሰልን አምባሰል የሚያደርጋት ያቺ 1 ከ0 አጠገብ ተለጥፋ መቀመጧና ከዚያ በኋላ ያለው ሰፊ ክፍተት ነው። ቦክስ ውስጥ ክፍተቱ ከአንድ ክር ወደ ሌላው ሲሻገሩ ይደበቃል። አንድ ሕግ ብቻ ጨምሩበት፤ ድምፁን መጀመሪያ በአፋችሁ አውጡት፣ ከዚያ ንኩት። ድምፄ አያምርም የሚል ምክንያት አልቀበልም። የእኔም አያምርም።

የፍሬቱ ነገር ከሁሉም የሚከብደው ነጥባቸው ነው። እውነት አለበትና። ጊታር ኦክታቩን (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) 12 እኩል ቦታ ነው የሚከፍለው። በጆሮ ንጹሕ ሆና የተቃኘች ማጀር ሦስተኛ (ለምሳሌ ከዶ ወደ ሚ) ከጊታሯ ሦስተኛ በ14 ሴንት ገደማ ዝቅ ትላለች፤ አንድ ፍሬት 100 ሴንት ነው። ትንሽ አይደለም፤ የለመደ ጆሮ ይሰማዋል። በጆሮው የቃኘ ክራር ተጫዋች አጠገብ ተቀምጦ የተጫወተ ጊታሪስት ይህችን መፋጨት ያውቃታል። ማሲንቆ ላይ ያለችውን የምትንቀጠቀጥ ድምፅም ጊታር እንዳለች አይሰጣችሁም።

ግን ሙግቱን እስከ መጨረሻው ብንገፋው የት ይደርሳል? የመካከለኛው ዘመን መዘምራን ዶሪያንን ሲያዜሙ 12 እኩል ክፍፍል አልነበራቸውም። እንግዲያው ዶሪያንም ጊታር ላይ በትክክል አይወጣም ልንል ነው። ጸሐፊው ይህንን አይሉም። ለዶሪያን የፈቀዱትን ለአምባሰል ለምን ይከለክሉታል?

ደግሞ ታሪኩ ከፊታችን አለ። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ቫይብራፎን ላይ ነው የተጫወቷቸው። የቫይብራፎን ብረት እንደ ክር አይጎተትም፣ አይላላም፣ ተቆርጦ የተሠራ ነው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ላይ ተጫውተዋል። የአዲስ አበባ ባንዶች ኦርጋን፣ ሳክስፎንና ኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው ስንት ትዝታ አጅበዋል። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን ጊታር የሰማ ሰው ጊታር ቅኝት አያወጣም ለማለት ይከብደዋል። ከቫይብራፎን፣ ከፒያኖና ከኦርጋን ደግሞ ጊታር የተሻለ ዕድል አለው፤ ክሩ ይጎተታል፣ ጣት ይንሸራተትበታል። ቀኝ መዳፋችሁን ብሪጁ አጠገብ ጣል አድርጋችሁ ክሩን አፈን ብታደርጉትና በፒክ አጠር አጠር አድርጋችሁ ብትመቱት ወደ ክራር ይጠጋል። አይሆንም፤ ይጠጋል። እሱም ይበቃል።

ኮርድ የለውም ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ራሴ የተዋረድኩበት ታሪክ አለኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ ዘመድ ቤት ቅልቅል ነበር። ጊታር ይዤ ሄድኩ። አንድ በዕድሜ የገፉ ማሲንቆ ተጫዋችም ነበሩ። እሳቸው ከላ ተነስተው አምባሰል ያዙ። ላ፣ ሲ ፍላት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ። እኔ ያኔ ሰባቱን ሞዶች ጨርሼ፣ ደረቴን ነፍቼ የምሄድበት ጊዜ ነበር። ድምፆቹን ቶሎ ለየኋቸውና ሬ ማይነር ኮርድ ጣልኩባቸው። ለምን? ከአምስቱ ድምፆች ውስጥ ሬ፣ ፋ፣ ላ አሉ፤ በትክክል ሬ ማይነር ይሠራሉ። አንድም የተሳሳተ ኖታ የለም። ሁለት ዙር እንደሄድን ደጋናቸውን አነሱና «ልጄ፣ እኔ አምባሰል ነው የያዝኩት፤ ትዝታ ለምን ትጎትትብኛለህ?» አሉኝ።

ቤት ሄጄ ነው የገባኝ። እነዚያ አምስት ድምፆች ከሬ ቢቆጠሩ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት ናቸው። ማይነር ትዝታ! ኮርዴ ማረፊያውን ከላ ነጥቆ ለሬ ሰጥቶታል። አንድም ኖታ ሳልሳሳት ቅኝታቸውን ቀየርኩባቸው። ፍሪጂያን ውስጥ እንዳለ ማወቄ ምንም አላዳነኝም።

እንግዲህ ኮርድ የለውም የሚለው ልክ አይደለም። ማጀር ትዝታ ከዶ ስትነሳ ዶ ማጀርና ላ ማይነር አሏት። ማጀር ባቲ ዶ ማጀርና ሚ ማይነር አሏት። ማይነር ትዝታ ዶ ማይነርና ላ ፍላት ማጀር። አምባሰል ሬ ፍላት ማጀርና ፋ ማይነር አሉት፤ የጎደለው ማረፊያው ዶ ላይ የሚቆም ኮርድ ነው። አንቺሆዬም እንደዚያው፤ ከአምስት ድምፅ ፋ ማጀርና ፋ ሻርፕ ማይነር ጎን ለጎን ይወጡላታል (ፋ ሻርፕና ሶል ፍላት ጊታር ላይ አንድ ድምፅ ናቸው)። ሁለቱን አከታትላችሁ ምቷቸው፤ ጆሮ ቁጭ ብድግ ይላል። ዶ ላይ ግን ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ የላትም።

ስለዚህ ጸሐፊው ያዩት ነገር አለ፤ ድምዳሜው ነው የተገለበጠው። አምባሰልንና አንቺሆዬን በተራ ኮርድ ማጀብ ከባድ መሆኑ ሃርመኒ የሚማር ሰው የሚሸሽበት ምክንያት አይደለም። እንዲያውም ኮርድ ማረፊያን እንዴት እንደሚያስቀይር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ትምህርት አላውቅም። እኔ አሁን አምባሰል ሳጅብ ኮርዱን እተውና ማረፊያውንና አምስተኛውን ብቻ እይዛለሁ፤ ከላ ከተነሳ ላ እና ሚ። አንቺሆዬ ላይ ይህም አይሠራም፤ አምስተኛዋ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስላለች ትጣላለች። ማረፊያዋን ብቻ ይዤ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ለጊታሪስት ከባድ ነው፤ እኔም ገና እየተለማመድኩት ነው።

የቀረው ጆሮ ቀስ ብሎ ይከተላል የሚለውና 30 ቀኑ ነው። 30 ቀን ለጣት ይበቃ ይሆናል፤ አልከራከርም። ጆሮው መከተሉን ለማወቅ ግን ቀላል ፈተና አለ። ጊታር የሚችል ጓደኛችሁን ከጀርባችሁ አስቀምጡት። ከላይ ከጻፍኳቸው ቁጥሮች አንዱን መርጦ በአንድ ክር ላይ ቀስ ብሎ ይጫወትላችሁ፤ እናንተ ስሙን በሉ። ከዚያ ደግሞ መሃል ላይ ያቁምላችሁና እናንተ ማረፊያውን በአፋችሁ ጨርሱት።

ያ «ቅኝቱን እንተወው እንዴ?» ያለኝ ተማሪ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ ነበር። ሰባቱን ቅርጾች ይዟል፤ ጣቱም ፈጣን ነው። አንደኛው ክር ላይ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ብዬ 9 ላይ አቆምኩበት። ዝም አለ። ደገምኩለት። «ይህቺን አውቃታለሁ፤ አክስቴ ትዘፍናታለች» አለኝና ማረፊያዋን አፉ ላይ አመጣት። ስሟን ግን ከሰባቱ መሃል ሲፈልግ ቆየ።